ልጅ በዕድሉ ያድጋልን?

ወላጅ ለልጁ ስላለበት የቀለብ ዕዳ የተሰጠ ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር ከመቅደሱ ይልቅ በመሶቡ ዙሪያ የሚታይ ነው፤ ነገር ግን ከመቅደሱ ነገር የሚለይ አይደለም። ይኸውም ወላጅ ለወለደው ልጅ የሚበላውን፥ የሚለብሰውን፥ የሚያድርበትንና የሚማርበትን ይሰጥ ዘንድ ያለበት ግዴታ ነው።

በአገራችን «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚባል ቃል አለ። ይህን ቃል ሁለት ዐይነት ሰዎች ይናገሩታል። አንደኛው ኑሮው የጠበበበት ሰው ነው። ልጅ በተወለደለት ጊዜ እግዚአብሔርን ተስፋ አድርጎ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይላል፤ በነጋታውም ማለዳ ተነሥቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። በዚህ ሰው አፍ ቃሉ ጸሎት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከቤቱ ወጥቶ የሄደ፥ ልጁን ለእናቲቱ ጥሎ ሌላ ኑሮ የጀመረ ሰው ነው። «ልጅህ ምን በልቶ ያድራል?» ብለው ሲጠይቁት እርሱም «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይላል። በዚህ ሰው አፍ ግን ቃሉ ክህደት ነው። የፊተኛው እጁን ለሥራ ዘርግቶ ፍሬውን ከእግዚአብሔር ይጠብቃል፤ የኋለኛው እጁን ሰብስቦ የራሱን ሥራ ለእግዚአብሔር ይተዋል። ቃሉ አንድ ሲሆን ልባቸው እንዴት እንደ ተራራቀ ተመልከቱ።

እግዚአብሔር ልጅን አይመግብምን? ይመግባል። ነገር ግን በምን ይመግባል ብለን እንጠይቅ። በሰው እጅ ይመግባል። ዕድል ያለው ልጅ ከተባለ ከሊቀ ነቢያት ከሙሴ የሚበልጥ ማንን እንጠራለን? ወንድ ሕፃን ሁሉ ወደ ወንዝ ይጣል ተብሎ በታዘዘበት ዘመን ተወልዶ ከሞት ዳነ። ዳሩ ግን የዳነበትን መንገድ ልብ በሉ። እናቱ ሦስት ወር ሸሸገችው፤ ከዚያም በኋላ ሣጥኑን ውኃ እንዳይገባው አድርጋ ለቀለቀችው። እኅቱ በወንዙ ዳር ቆማ ጠበቀችው። የፈርዖን ልጅም ከውኃ አውጥታ ለሞግዚት በሰጠችው ጊዜ «በዕድሉ ያድጋል» ብላ አልሄደችም፤ የምታጠባውን ሴት ደመወዝ እኔ እከፍላለሁ አለች እንጂ። ይህች ሴት አልወለደችውም፤ ከወገኑም አይደለችም፤ የእስራኤልን አምላክም አታውቅም ነበር። ይሁን እንጂ ለሕፃን መራራት ማለት ለሕፃን መክፈል ማለት እንደ ሆነ ዐወቀች። እንግዲህ የባዕድ ንጉሥ ልጅ ያልወለደችውን ሕፃን ቀለብ ቈርጣ ካሳደገች፥ ወልዶ የሚተው ክርስቲያን በምን ቃል ይመልስላታል?

ደግሞም ወደ ናዝሬት ቤት እንመልከት። ጻድቁ ዮሴፍ ጌታችንን በሥጋ አልወለደውም። ሆኖም በእጁ ሥራ የሚኖር ጠራቢ ሲሆን የእመቤታችንና የልጇ ጠባቂ ሆነ፤ በሌሊት ተነሥቶ ይዟቸው ወደ ግብፅ ወረደ፤ በስደትም አልተለያቸውም። ሰማይንና ምድርን የሚመግብ አምላክ ሰው በሆነ ጊዜ በአንድ ሠራተኛ ሰው ቤት ያድግ ዘንድ ፈቀደ። በዚህም ላብ አፍስሶ ልጅን የማሳደግን ሥራ አከበረው። ስለዚህ ልጁን ለማሳደግ የሚደክም አባትና እናት፥ ሸክላ ሠሪም ቢሆኑ ሸማኔም፥ ሾፌርም ቢሆኑ የቢሮ ጸሐፊ፥ ሥራቸውን እንደ ተናቀ ነገር አይቍጠሩት፤ የዮሴፍን ሥራ እየሠሩ ነውና።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው ፊተኛው መልእክት በአምስተኛው ምዕራፍ፥ ለቤተ ሰቦቹ የማያስብ ሰው ሃይማኖቱን እንደ ካደ፥ ከማያምንም ሰው የከፋ እንደ ሆነ ያስተምረናል። ሐዋርያው ስለ ምን ይህን ያህል አጸና? የማያምን ሰው እንኳ በተፈጥሮ ሕግ ተመርቶ ልጁን ይመግባልና ነው። ወፍ ጥሬ ለቅማ ወደ ጎጆዋ ትመለሳለች፤ አውሬም ለግልገሉ ያድናል። ከተፈጥሮ ሕግ በላይ የወንጌል ሕግ የተሰጠው ሰው ከተፈጥሮ ሕግ በታች ሆኖ ሲገኝ ከማያምነው ይልቅ ፍርዱ ይከብዳል። ጾሙን ይጾማል፥ በዓሉን ያከብራል፥ ማኅበሩን ይጠጣል፤ ነገር ግን አንድ ቦታ የእርሱን መልክ የያዘ ሕፃን ደብተር አጥቶ ከትምህርት ቤት ደጃፍ ይመለሳል።

ምእመናን ሆይ፤ «ይህ የፍርድ ቤት ነገር ነው፤ ቤተ ክርስቲያንን ምን አገባት?» የሚል ቢኖር፥ አባቶቻችን ሁለቱን ነገር እንደ ጠላት አልለያዩትም እንለዋለን። ፍትሐ ነገሥት በ51 አንቀጽ ተከፍሎ ፊተኛው ክፍሉ የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት፥ ኋለኛው ክፍሉ የዓለሙን ፍርድ ይዞ በአንድ ጥራዝ ይገኛል። ዛሬ ፍርድ ቤቱ በሌላ ሕግ ይሠራል፤ ቢሆንም ሕጉ ስለ ልጅ የሚያዝዘው ነገር ወንጌል ከሚያዝዘው ጋራ የሚጣላ አይደለም። ስለዚህ ምእመናን ሕጉን ሊያውቁት ይገባል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀለብ ራሱን የቻለ ክፍል ነበረው። በ1992 ዓ.ም. የወጣውና በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ይህንኑ ግዴታ አጽንቶ ይዞታል፤ ከክልሎችም ብዙዎቹ የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል። በሕጉ ቋንቋ ቀለብ ማለት እህል ብቻ አይደለም፤ ምግብና ልብስ፥ መኖሪያና ሕክምና፥ እንደ ሁኔታውም ትምህርት በአንድነት ቀለብ ይባላሉ። መጠኑም በሁለት ሚዛን ይመዘናል፤ በአንድ ወገን የተቀባዩ ችግር፥ በሌላው ወገን የሰጪው አቅም ይታያል። ኑሮ ሲለወጥም የተቈረጠው ቀለብ ሊሻሻል ይችላል። ባልና ሚስት ለመፋታት በዳኛ ፊት ሲቀርቡ፥ ዳኛው የፍቺው ክርክር እስኪያልቅ ሳይጠብቅ ስለ ልጆቹ አያያዝና ቀለብ ወዲያው ትእዛዝ ይሰጣል፤ የሕፃን ሆድ ቀጠሮ አያውቅምና። ግዴታውም በአባትና በእናት ብቻ የሚቆም አይደለም፤ እነርሱ ባይኖሩ ወይም ባይችሉ ወደ አያቶች፥ ወደ ወንድሞችና ወደ እኅቶችም ይደርሳል። ልጆችም በተራቸው አድገው ወላጆቻቸው ሲቸገሩ የመርዳት ግዴታ አለባቸው።

ከዚህም ሌላ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ፥ በቂ ምክንያት ሳይኖረው በሕግ የሚገባውን ቀለብ የሚከለክለውን ሰው በቀላል እስራት ወይም በመቀጮ ይቀጣል። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም፥ ወላጆች በአቅማቸው መጠን ለልጁ ኑሮ ቀዳሚ ኀላፊዎች እንደ ሆኑ፥ ወላጅ በውጭ አገር ቢኖርም እንኳ መንግሥታት ተረዳድተው ቀለቡን ለልጁ ሊያስገኙለት እንደሚገባ ይናገራል። እንግዲህ ባሕር የተሻገረ ሰው ከዕዳው የተሻገረ አይምሰለው።

አሁን ደግሞ ከዚህ ዕዳ ለማምለጥ ሰዎች የሚያቀርቡትን ምክንያት አንድ በአንድ እንመርምር።

አንዳንዱ «ከእናቱ ጋራ ተጣልቻለሁ» ይላል። ወንድሜ ሆይ፤ የተጣላኸው ከእናቱ ጋራ ነው እንጂ ከልጁ ጋራ አይደለም። ባልና ሚስት ሊፋቱ ይችሉ ይሆናል፤ አባትና ልጅ ግን የሚፋቱበት የፍርድ ወረቀት በምድር ላይ አልተጻፈም። እናቲቱን ለመቅጣት ብለህ ገንዘቡን የከለከልህ እንደ ሆነ ቅጣቱ የሚያርፈው በማን ላይ እንደ ሆነ አስብ። እርስዋ ጦሟን አድራ ለልጇ ትሰጣለች፤ ሌሊት የሚርበው ግን ሕፃኑም ነው።

ሌላው «በጋብቻ የተወለደ ልጅ አይደለም» ይላል። ቤተ ክርስቲያን ጋብቻን ታከብራለች፤ ከጋብቻ ውጭ የሚሠራውንም ኀጢአት ኀጢአት ትለዋለች። ነገር ግን ኀጢአቱን የሠራው ማን ነው? ሕፃኑ ነውን? ሁለት ሰዎች ለሠሩት ጥፋት ሦስተኛው ሰው፥ ያውም ያልነበረው ሰው፥ ርኃብን ተፈርዶበት ሊቀጣ ይገባዋልን? በዘፍጥረት መጽሐፍ የአጋርን ነገር አንብቡ። አብርሃም አጋርንና ልጇን ያሰናበታቸው እግዚአብሔር ስለ ልጁ ተስፋ ሰጥቶት፥ ተናግሮትም ነው፤ ለእኛ ግን እንዲህ ያለ ቃል አልመጣልንም። በምድረ በዳ የአቁማዳው ውኃ ባለቀ ጊዜ እናቲቱ ልጇ ሲሞት እንዳታይ ከቁጥቋጦ በታች ጥላው ራቅ ብላ ተቀመጠች። መጽሐፍም እግዚአብሔር የልጁን ድምፅ ሰማ ይለናል። የእናቱን ልቅሶ ብቻ አልሰማም፤ የልጁን ድምፅ ሰማ እንጂ። አንተ ልጄ አይደለም ብለህ የካድኸው ሕፃን ድምፅ በሰማይ የሚታወቅ ድምፅ ነው።

በምድርም ቢሆን ሕጉ ወደዚህ እውነት እየቀረበ መጥቷል። በ1952ቱ ሕግ አባትነት በፍርድ የሚነገረው በጠለፋ ወይም በመድፈር ጊዜ ብቻ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ግን በሩን ሰፋ አደረገው፤ አባት የተባለው ሰው አባትነቱን የሚገልጥ ደብዳቤ ጽፎ እንደ ሆነ፥ ወይም እንደ አባት ሆኖ ልጁን ይረዳ እንደ ነበረ ተረጋግጦ አባትነቱ ሊፈረድ ይችላል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥትም ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች በጋብቻ ከተወለዱት ጋራ እኩል መብት አላቸው።

ሦስተኛው ሰው «የለኝም» ይላል። በእውነት የሌለው ሰው ይኖራል፤ ለእርሱ ሕጉም ወንጌሉም ይራሩለታል። ሕጉ ከአቅም በላይ አይጠይቅም፤ ጌታችንም በመቅደስ ደጃፍ የመበለቲቱን ሁለት ሳንቲም ከባለጠጎች ስጦታ አስበልጦ ተቀብሏል። ድኻ አባት በወር አንድ ቁና ጤፍ ይዞ ወደ ልጁ ቢሄድ ስለ ማነሱ አይፈር። ነገር ግን ለመጠጥ ያለው፥ ለድግስ ያለው፥ ለልጁ ጊዜ ብቻ የሚያጣው ሰው «የለኝም» ሲል የሚዋሸው ለዳኛው ብቻ አይደለም። ዳኛ የሚያየው የደመወዝ ወረቀትን ነው፤ ነጋዴው በመጋዘን የሸሸገውን፥ ሠራተኛው በሌላ ሰው ስም ያስቀመጠውን ላያይ ይችላል። በዳኛ ፊት የተሸሸገው ገንዘብ በእግዚአብሔር ፊት በክፍት ሰሌዳ ላይ የተቈጠረ ነው።

አራተኛው «ገንዘቡን እናቲቱ ታባክነዋለች» ይላል። ይህ እውነት የሆነ እንደ ሆነ መፍትሔው መክፈልን መተው አይደለም። ለዳኛው ወይም ለሽማግሌዎች አመልክተህ የትምህርት ቤቱን ለትምህርት ቤቱ፥ የሕክምናውን ለሐኪሙ እንድትከፍል ማድረግ ትችላለህ። በወፍጮ ቤት ዱቄት ይሰረቃል ብሎ እህል ማስፈጨት የሚተው ሰው አላየንም።

አምስተኛው ምክንያት ከሁሉ ይልቅ ያሳዝናል፤ እርሱም የመንፈሳዊነት ልብስ ለብሶ ይመጣልና። «እኔ ለቤተ ክርስቲያን እሰጣለሁ፤ ለድኻ እመጸውታለሁ፤ ዝክር እዘክራለሁ» የሚል ሰው አለ። ጌታችን በማርቆስ ወንጌል በሰባተኛው ምዕራፍ፥ ለእግዚአብሔር የተሰጠ ስእለት ነው እያሉ አባትና እናታቸውን መርዳት የተዉትን ሰዎች አጥብቆ ገሥጿቸዋል። ለወላጅ የሚገባውን በስእለት ስም መከልከል ከተገሠጸ፥ ለልጅ የሚገባውንስ በስእለት ስም መከልከል እንዴት ይመሰገናል? የልጅህን እንጀራ ሽጠህ የገዛኸው ጧፍ አይበራልህም። አስቀድመህ ዕዳህን ክፈል፤ ከዚያ በኋላ ከተረፈህ ለእግዚአብሔር ቤት ይዘህ ና።

አሁን ቃላችንን ወደ ሽማግሌዎችና ወደ ንስሐ አባቶች እናዙር። የተጣሉትን ማስታረቅ የተባረከ ሥራ ነው። ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ ሽማግሌዎች ነገሩ ቶሎ ያልቅ ዘንድ «ቤቱ ለእርስዋ ይሁን፤ ልጆቹንም ትያዝ፤ እርሱም ከእንግዲህ አይጠየቅ» ብለው ይፈርዳሉ። ክቡራን ሽማግሌዎች ሆይ፤ ቤቱ የባልና የሚስት ነው፤ ቢተዉት ይችላሉ። የልጁ ቀለብ ግን የልጁ ነው። እናቲቱ ለሌላ አትሸጠውም፤ ባለዕዳ አይዘውም፤ እናንተም ልትምሩት አትችሉም። የራሱ ያልሆነውን ገንዘብ የሚምር ሰው ቸር አይባልም። ስለዚህ የዕርቁን ወረቀት ስትጽፉ በመጀመሪያው መሥመር የልጁን ነገር ጻፉ፤ በየወሩ ስንት እንደሚሰጥ፥ በማን እጅ እንደሚደርስ፥ ሲታመም ማን እንደሚያሳክም ቍረጡ።

የንስሐ አባቶችም እንዲሁ ናቸው። የንስሐ ልጃችን ቤቱን ትቶ ከሄደ ጾሙንና ስግደቱን ብቻ አንጠይቀው። «ልጆችህስ?» ብለን እንጠይቀው። በሥጋ የወለደ አባት ሲጠፋ ከቅርብ ያለው ሰው ነፍስ አባትና የክርስትና አባት ነውና፥ ደርሰን እንጠይቅ።

ወደ እናቶችም አንድ ቃል አለን። ልጆቻችሁን ብቻችሁን የምታሳድጉ፥ በቤታችሁም ያላችሁ፥ ደግሞም በዓረብ አገሮች በሰው ቤት እየሠራችሁ ገንዘብ የምትልኩ እናቶች፥ ድካማችሁን እግዚአብሔር ያውቃል። ከባዕድ አገር ለልጆች የተላከ ገንዘብ የልጆች አደራ ነው፤ በአገር ቤት ሆኖ ያን ገንዘብ ለራሱ ምኞት የሚያጠፋ አባትም ሆነ ዘመድ የሕፃናትን አፍ የዘረፈ ነው። እናንተም እናቶች ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛው፥ ለልጁ የተሰጠውን ለልጁ አድርጉት፤ አባቱም ልጁን ለማየት ሲመጣ በሩን አትዝጉበት፤ ልጅ የአባቱን እንጀራ ብቻ ሳይሆን የአባቱንም ፊት ይራባልና። ሁለተኛው፥ ኀፍረት ይዟችሁ ወይም «ዛሬ ነገ ያስብ ይሆናል» ብላችሁ ዝም አትበሉ። ሕጉ እንዲህ ይላልና፤ የተቈረጠ ቀለብ ሊከፈል ከሚገባው ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ሳይጠየቅ የቀረ እንደ ሆነ፥ ለኑሮ አስፈላጊ እንደ ነበረ ካልተረጋገጠ በቀር ውዝፉን ማስከፈል አይቻልም። ስለ ልጅ ወደ ዳኛ መሄድ ነውር አይደለም። በሉቃስ ወንጌል ያለችው መበለት ወደማይፈራው ዳኛ ደጋግማ በመሄዷ በጌታችን አፍ ምሳሌ ሆና ተነገረች እንጂ አልተነቀፈችም።

ነገር ግን ልጁን የተውህ አባት ሆይ፤ ይህን የሦስት ወር ነገር ሰምተህ ደስ አይበልህ። በፍርድ ቤት የማይጠየቅ ውዝፍ በሰማይ ይጠየቃል። ልጅህ ያለ ጫማ የሄደበት ክረምት፥ መድኀኒት አጥቶ ያለቀሰበት ሌሊት፥ በእግዚአብሔር ዘንድ ይርጋ የለውም።

ታዲያ ተስፋ የለህምን? አለህ። ዘኬዎስ ቀራጩን አስብ። ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ አልቅሶ ብቻ አልቀረም፤ የገንዘቡን እኩሌታ ለድኾች፥ የበደለውንም አራት ዕጥፍ አድርጎ ሊመልስ ቃል ገባ። በዚያም ቀን ለቤቱ መዳን ሆነለት። ንስሐ ማለት ይህ ነው፤ እንባ ብቻ አይደለም፥ መመለስም ነው። አንተም ዛሬ ተነሥ። ልጅህ የት እንዳለ ጠይቅ። እናቲቱን ማየት ቢያሳፍርህ ሽማግሌ ላክ፤ የምትሰጠውንም ቍረጥና በየወሩ በቀኑ አድርስ። በዓመት አንድ ጊዜ ለዓውደ ዓመት ልብስ ገዝቶ መላክ ቀለብ አይባልም፤ ሕፃን የሚበላው በየቀኑ ነውና። ያለፈውንም በምትችለው መጠን፥ ለትምህርቱም ሆነ ለጤናው፥ ካስ። ልጅህ አድጎ እንደ ሆነና ሊቀበልህ ባይወድም አትቍጣው፤ እርሱ አንተን የጠበቀበትን ዘመን ያህል አንተም በደጁ ጠብቀው።

ይህን ቃል የምትሰሙ ልጆችም ብትኖሩ፥ የተዋችሁ ሰው ስላለ እግዚአብሔር የተዋችሁ አይምሰላችሁ። የእናታችሁ እጅ፥ የአያታችሁ እጅ፥ የጎረቤታችሁም እጅ የእርሱ እጅ ነው። ባደጋችሁም ጊዜ የተደረገባችሁን በልጆቻችሁ ላይ አታድርጉ።

እንግዲህ ምእመናን፥ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ስንል ይህን እያሰብን እንበለው፤ የልጅ የመጀመሪያው ዕድሉ አባቱና እናቱ ናቸው። እግዚአብሔር ለዚያ ሕፃን ያዘጋጀው እንጀራ በእኛ እጅ ገብቶ እንደ ሆነ፥ ከእጃችን ወደ አፉ ሳይደርስ እንዳይቀር እንጠንቀቅ። ሰባት ዓመት ሙሉ የራብን ዘመን በዮሴፍ እጅ ያሻገረ አምላክ፥ የወላጆችን ልብ ወደ ልጆች፥ የልጆችንም ልብ ወደ ወላጆች ይመልስልን። ለሚደክሙት ብርታትን፥ ለተዉት መመለስን፥ ለተተዉት መጠጊያን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፥ ወለወላዲቱ ድንግል፥ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።